ከዩኒቨርስቲ ተባሮ ለመጣ ልጅ ለቅሶ ሚቀመጥለት የለም

ይሄ ኮምቦልቻ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች ያወራሁት ነው። ጽፈሽ ላኪልን ያሉኝ ስለበዙ ከድምጹ ላይ ገልብጬ ባፌ እንደወጣ ነው ያስቀመጥኩት።

እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እናቶች ወደ ፊት ኑ እዚ ወንበር አለ። ግንቦት ላይ የተገናኘነው ሆን ብለን ነው። ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ከዚ ከኮምቦልቻ ጀምሮ እስከ ደሴ ፒያሳ ድረስ ጋውን የለበሰ ልጅ አበባ ታቅፎ ፎቶ ሚነሳበት፣ መኪናው ክላክስ እያደረገ ሚያልፍበት ሰሞን ነው፣ እና በዛ ሰሞን ከቤት ማይወጡ ልጆች አሉ። መጋረጃ ዘግተው ሚተኙ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለነሱ ላወራ ነው፣ አንዳንዶቻቸው እዚው መሀላችን እንዳሉም አውቃለሁ።

እንዴት ይጠና እንዴት ይታለፍ ሚለውን አላወራም፣ እሱን ሚያወራ ሞልቷል። ማወራው ከወደቁ በኋላ ስላለው ነገር ነው፣ እሱም የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ሳይሆን ዓመት ሁለት ዓመት አምስት ዓመት አልፎም ውስጥ ውስጡን ስለሚበላው ነገር። እኔ ስነልቦና ነው የተማርኩት፣ ደሴ ላይ በምክር አገልግሎት ነው ምሰራው፣ እና እኔ ጋ ሚመጣ ልጅ «ከዩኒቨርስቲ ተባርሬ ነው» ብሎ አይመጣም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ነው ሚመጣው፣ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲውጥ ከርሞ ነው ሚመጣው፣ ሰው የተሰበሰበበት ስገባ ልቤ ድው ድው ይላል ብላ ነው ምትመጣው፣ ደጋግመን ከተገናኘን በኋላ ነው እግረ መንገዷን «እኔ እኮ አንድ ጊዜ ዩኒቨርስቲ ገብቼ ነበር» ምትለው፣ ያኔ ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ። ምነግራችሁን ታሪክ ሁሉ ያንዱን ካንዱ ቀላቅዬዋለሁ የማንም ልጅ እንዳይታወቅ፣ ስለዚ እዚ አዳራሽ ውስጥ የኔን ነው ያወራችው ብሎ ሚደነግጥ ካለ አይደንግጥ፣ ብዙ ሰው ላይ ስለሚመሳሰል ነው።

እኛ ወሎዎች ሐዘን እናውቃለን። ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ክርስቲያኑ ቤት ሙስሊሙ ውሃ ሲቀዳ ሙስሊሙ ቤት ክርስቲያኑ ወንበር ሲሸከም ያመሻል፣ ጎረቤት እንጀራውን በመሶብ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ ማንም «ለምን ሞተብህ፣ አንተ ምን አድርገህ ነው» ብሎ አይጠይቀውም። ሰው አብሮት ይቀመጣል፣ ከዛ ቀኑ እየቆየ ሲሄድ ሰዉ እየቀነሰ ሐዘንተኛውም ወደ ስራው እየተመለሰ ይሄዳል። ሐዘኑ መጀመሪያ አለው፣ መውጫም አለው።

ከዩኒቨርስቲ የተባረረ ልጅስ? ማታ ነው ሚገባው። ከመናኸሪያ ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ጨለማ ጠብቆ በባጃጅ ነው ሚገባው፣ ጠዋት እናትየዋ ለጎረቤት «እረፍት ለቋቸው ነው» ትላለች፣ ከዛ በኋላ ቤቱ ውስጥ ነገሩ አይነሳም ወይ ደግሞ በተነሳ ቁጥር ስድብ ነው። አብሮት ሚቀመጥ የለም። ኬኔት ዶካ የሚባል ስለ ሐዘን ሚያጠና አሜሪካዊ ምሁር አለ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ይሄን ነገር በደንብ አስቀምጦታል፣ ሰዉ ሐዘን ብሎ ማይቆጥረው ሐዘን አለ፣ ባለቤቱ ልዘን ቢል ማንም መብት ማይሰጠው፣ እና እንዲ አይነቱ ሐዘን መውጫ ስለሌለው ነው ረዥም ጊዜ ሚቆየው ይላል። እኔ በስራዬ ማየው ይሄንኑ ነው። ልጆቹን ሚያሰቃያቸው ያገኙት ኤፍ፣ ማለት የመውደቂያ ውጤቱ፣ ራሱ አደለም፣ ኤፉ የዛን ሰሞን ነው፣ ከዛ በኋላ ለዓመታት ሚበላቸው ሐዘናቸውን ደብቀው መኖራቸው ነው።

ምንድነው የሞተበት ግን? ትምህርት ብቻ ይመስላችኋል፣ አደለም። አንድ የዚ ከተማ ልጅ ዩኒቨርስቲ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ አስቡት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ብሎ ጠርቶታል፣ አያቱ «ዶክተሬ» ብላ ነው ቡና ምታቀብለው፣ ቀለሜ ነው፣ እሱም ራሱን ሚያውቀው ቀለሜ መሆኑን ነው ሌላ ራሱን ሚያውቅበት ነገር የለውም፣ ኳስ አይችል ንግድ አያውቅ ያለው አንድ ነገር ጭንቅላቱ ነው። እና ሬጅስትራር በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይ ፖርታሉ ላይ ከስሙ ጎን ዲስሚስ፣ ተሰናብቷል ሚል ሲያይ ያ ሁሉ አንዴ ነው ሚሄደው። ዶርም አብረው ያደሩት ልጆች ይሄዳሉ፣ እነሱ ቀጥለዋል፣ የባች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሳቅና ቀልድ አለ እሱ አንብቦ አንብቦ አንድ ቀን ይወጣል። ያገሩን ልጅ ላለማግኘት መንገድ ይቀይራል። የወደፊቱ ሁሉ በዓመት በዓመት ተቀምጦለት ነበር፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ሦስተኛ ዓመት፣ አፓረንት ሚባለው የስራ ልምምድ፣ ምርቃት፣ ስራ፣ የእናቱን ቤት ማደስ፣ እና ባንድ ቀን ያ መርሐ ግብር በሙሉ የለም። ይሄ ሐዘን ካልሆነ ምን ሐዘን ነው?

በዚ ላይ በኛ ዘመን ማለፍ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ነው፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ። ስለዚ ያለፈ ልጅ የቤተሰቡ ብቻ አደለም የሰፈሩ ነው፣ ሲሸኝ ዱዓ ተደርጎለት ተመርቆ ነው፣ ዳቦ ተቆርሶ ነው። ሲወድቅ ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ ይዞ የወደቀ ይመስለዋል። ሚወደቅበት በርም በዝቷል አሁን፣ ድሮ ፍሬሽማን፣ አንደኛ ዓመት ላይ ነበር ሚፈራው፣ አሁን ሪሚዲያል ሚባል ማካካሻ ትምህርት አለ፣ እዛ ገብቶ ሚቀር አለ፣ ከዛ ፍሬሽማን አለ፣ ሲጂፒኤው፣ ማለት አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ፣ 2.00 ካልሞላ ዋርኒንግ ምናምን እያለ ሚሄደው አለ፣ ሁሉን አልፎ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ ከመቶ 50 አልሞላለትም ተብሎ ዲግሪው ሚያዝበት። የመውጫ ፈተናን እንደገና መፈተን ይቻላል፣ ግን ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ዲግሪ የለውም ሚባል ልጅ ምን እንደሚሰማው እኔ አይቻለሁ፣ እሱም ከዚሁ ሐዘን ውስጥ ነው፣ እንዲያውም የሱ ይበልጥ ድብቅ ነው ምክንያቱም ሰዉ ተመረቀ ብሎ ያስባል።

አሁን ስለ መደበቁ ልንገራችሁ፣ እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ልጅ፣ አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ተባረረ። ቤት አልተናገረም። እዛው ዩኒቨርስቲው ያለበት ከተማ ከጓደኞቹ ጋ ቤት ተከራይቶ ቀረ፣ ቀን ስራ ይሰራል፣ ማታ እናቱ ስትደውል «ላይብረሪ ነኝ እማ» ይላል። እናትየዋ በየወሩ ትልክለታለች፣ ካላት ላይ አደለም ከሌላት ላይ ነው ምትልከው፣ እሱም ብሩን ሲያወጣ ያለቅሳል ግን ያወጣዋል። ሁለተኛ ዓመት ሆነ። ሦስተኛ ዓመት ሆነ። እናትየዋ ለምርቃቱ ምትለብሰውን ያበሻ ልብስ ማሰራት ጀመረች፣ ጥለቱን በስልክ ነገረችው። ይሄ ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ስለ ኤፍ አንድም ቀን አላወራኝም፣ ያወራኝ ስለ ስልኩ ጥሪ ነው፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ የማንም ስልክ ቢሆን። አያችሁ፣ ውሸት አንዴ ተነግሮ አያልቅም፣ በየቀኑ መመገብ አለበት፣ የፈተናውን ስም ማወቅ አለበት፣ የዲፓርትመንቱን ወሬ መፍጠር አለበት፣ ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ ከዛው ከተጎዳው ልጅ ላይ ነው ሚወጣው። ይሄ ልጅ ክፉ አደለም ውሸታምም አደለም፣ እናቱን ስለሚወድ ነው፣ ይሄን ላሰምርበት እፈልጋለሁ፣ አብዛኞቹ ሚደብቁት ስለሚወዱ ነው።

እና ምን አደረግን? መጀመሪያ ለእናቱ ንገራት አላልኩትም። አንድ ሰው ፈልግ ነው ያልኩት፣ ማይጮህ፣ ማያወራ፣ እናትህም ምትሰማው ሰው። አክስቱ ነበረች። ምን እንደሚላት ቁጭ ብለን ቃል በቃል አዘጋጀን፣ «እታባ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እስክጨርስ ስሚኝ። ከትምህርቱ ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁ። ለእማዬ መናገር አቅቶኝ ነው የቆየሁት። ስነግራት አጠገቧ እንድትሆኚልኝ ነው የመጣሁት»። አለቀ። ለምን እንደወደቀ ማብራሪያ የለውም፣ ይቅርታ ሃምሳ ጊዜ የለውም፣ ወደፊት ምን አስቤያለሁ ሚልም የለውም፣ ሰው እንዲ አይነት ወሬ ሲሰማ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ነው ሚይዘው። እናትየዋ ስትሰማ አለቀሰች፣ አዎ ተቆጣችም፣ ሳምንት ያህል ከቤቱ ሰላም ጠፋ፣ ውሸት አልናገርም ቀላል ነበር ብዬ አላወራም። ግን ስልክ ሲጠራ መንቀጥቀጡ የቀረው ከዛ በኋላ ነው። የተናገሩ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሚነግሩኝ «ቀለለኝ» ሳይሆን መጀመሪያ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ነው ሚሉኝ።

እዚ ላይ ሁሌ ሚነሳ ጥያቄ አለ፣ አባቶች ናቸው ሚያነሱት፣ «ጥፋቱ የራሱ ከሆነስ፣ ጫት ቤት ሲውል ክላስ ሳይገባ ከሆነ ምን ብለን ነው ምናባብለው» ይላሉ። ፌር ጥያቄ ነው። አለ እንዲ ያደረገ፣ አልክድም። ግን ከዚ አካባቢ የሄዱ ልጆች ምን ይዘው እንደሄዱ አትርሱ፣ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደነበረ እኔ ለናንተ አልነግርም፣ ያኔ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የነበረ ልጅ መጽሐፉን ትቶ ታናሹን አዝሎ በእግሩ የወጣ ልጅ ነው፣ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ ነው ያገኘው። በሩ ጓ ሲል ሚደነግጥ ጭንቅላት ካልኩለስ ላይ ሁለት ሰዓት አይቀመጥም፣ ይሄ የሰውነት ጉዳይ ነው። ሌላው ደግሞ ማይፈልገው ዲፓርትመንት ደርሶት ነው፣ ሌላው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግማሹ ሳይገባው እጅ ማውጣት አፍሮ ነው። እና የራሱ ጥፋት የሆነበትም ቢሆን፣ ሰው በጥፋቱ ያጣውን አያዝንም ያለው ማነው? እንዲያውም እሱ ነው ሚብሰው። «ጥፋት አጠፋሁ» ሚል ልጅ ሚያስተካክለው ነገር ይፈልጋል፣ «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ» ሚል ልጅ ግን ራሱን መደበቅ ብቻ ነው ሚፈልገው። ስትሰድቡት ወደ ሁለተኛው ነው ምትገፉት።

ቀጥሎ ማብሰልሰል ሚባለው ነገር አለ። ማታ ሁሉ ሲተኛ ሚጀምረው። ያን ሚድ ባጠናው ኖሮ፣ ያን አስተማሪ ቢሮ ሄጄ ባናግረው ኖሮ፣ ያን ኮርስ ድሮፕ ባደርግ ኖሮ። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የምትባል አሜሪካዊት የስነልቦና ተመራማሪ ሕይወቷን ሙሉ ያጠናችው ይሄን ነው፣ የሆነባቸውን ነገር ደጋግመው ሚያመላልሱ ሰዎች ድባቴው ይረዝምባቸዋል። ሰው ግን «እያሰብኩበት ነው፣ መፍትሔ እየፈለግኩ ነው» ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው፣ ማሰብ ከሆነ መጨረሻው ላይ ነገ ምታደርጊው አንድ ነገር ይወጣዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዛው ከተነሳሽበት ቦታ ካለሽ እሱ ማብሰልሰል ነው፣ ተነሺ፣ መብራት አብሪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ከሰው ጋ አውሪ፣ አልጋ ውስጥ ሆነሽ አትጨርሺውም።

ወረቀት ላይ ማውጣትም አለ። በፈረንጆቹ 1986 ጄምስ ፔኒቤከር የሚባል ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋ ሆኖ የኮሌጅ ተማሪዎችን ነው እንዲ ያደረገው፣ በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም፣ በቀን 15 ደቂቃ ለተከታታይ አራት ቀን እንዲጽፉ አደረገ። እነዛ ልጆች በቀጣዮቹ ወራት ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። ከሱ በኋላ ብዙ ሰው አጥንቶታል፣ ተአምር ነው አልልም ውጤቱ ሁሉም ላይ እኩል አደለም፣ ግን ዋጋው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከጻፋችሁ በኋላ ሊከፋችሁ ይችላል፣ እሱ የተለመደ ነው፣ ስትጨርሱ ከፈለጋችሁ ቅደዱት፣ ማንም እንዲያነበው አደለም። እየባሰባችሁ ከሄደ ግን ተዉት፣ ወደ ሰው ኑ።

አንድ ማልወደውን ነገር ልናገር። ከተባረረ ልጅ ፊት «ቢል ጌትስ እኮ ከዩኒቨርስቲ አቋርጦ ነው ቢሊየነር የሆነው» ሚሉ ሰዎች አሉ፣ ሞቲቬሽን ነው ብለው ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ቢል ጌትስ ከሐርቫርድ በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው፣ ትምህርቱ ስለጣለው ሳይሆን ያቋቋመው ድርጅት እየጠራው ስለነበር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ደህና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ነበረው። የኛ ልጅ ውጣ ተብሎ ነው የወጣው። ሁለቱን ስታወዳድሩ ልጁ ሚሰማው «አንተ ደግሞ ተባረህም ምንም አልሆንክም» ሚለውን ነው። ከዚ ጋ ሚሄድ ሌላ ነገር አለ፣ «ስራ ሲይዝ ይረሳዋል» ሚባለው። እኔ ማውቃት ልጅ አለች እዚ ኮምቦልቻ ነው ምትሰራው፣ ጎበዝ ናት፣ ከሷ በላይ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ታሰራለች፣ ቤተሰቧን ታስተዳድራለች፣ እና አሁንም ፈተና አዳራሽ ገብታ እስክሪብቶ ስታጣ በህልሟ ታያለች፣ ሰርግ ላይ «ምን ነበር ያጠናሽው» ሲሏት ተነስታ ትሄዳለች። ስራው ጥሩ ነው ሐዘኑን ግን አልነካውም፣ ምክንያቱም ማንም ስለ እሱ አናግሯት አያውቅም። ብር ያገኘ ሰው አላዘነም ማለት አደለም።

ስለ ሰውነት ባጭሩ። ከቤት አለመውጣት ራሱ ያማል፣ ደስ እስኪለኝ ልጠብቅና ልውጣ ካላችሁ አትወጡም፣ መጀመሪያ መውጣቱ ነው ደስታው ኋላ ነው ሚከተለው፣ ስለዚ ጠዋት ተነስታችሁ በቦርከና ዳር በሉት ወይ ደሴ ያላችሁ የጦሳን ዳገት ጀምራችሁ እስከምትችሉት ድረስ ሂዱ፣ ካልቻላችሁ እናታችሁን ተከትላችሁ ገበያ ሂዱ። ጫትን በተመለከተ ሃይማኖትም ባህልም ውስጥ አልገባም፣ ግን ለቆሰለ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን ሚባል ነገር አነቃቂ ነው፣ ከሰዓት ሁሉም ነገር ሚቻል ይመስላል፣ ማታ እንቅልፍ ይነሳል፣ በነጋታው ድብርቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ እና ያን ድብርት ለማባረር እንደገና። ምርቃና ላይ የተያዘ እቅድ ደግሞ ስንቱ ነው የተፈጸመው፣ እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆች። ከስድብ በላይ ሚጎዳ ነገር አለ፣ ንጽጽር ነው። «የእትዬ እከሊት ልጅ ይኸው ባንክ ገባ»። ሌላው የአባቶች ዝምታ ነው፣ ከልጁ ጋ ማዕድ መቅረብ መተው፣ ሰላምታ መንፈግ፣ ልጁ ድምጽህን ሳይሰማ ወር ሁለት ወር ሲሆነው ቤት ውስጥ የሞተ ነው ሚመስለው። ከዛ ደግሞ በደግነት «እንዳይከፋው አናንሳበት» ምትሉ አላችሁ፣ እሱም መደበቁን ነው ሚያጸናበት። ምን እንበል ካላችሁኝ፣ ጥቂት ነገር ነው፣ «ልጄ፣ የደረሰብህን አውቃለሁ። ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም። ግን ልጄ ነህ፣ ና እራት ብላ»። እዛ ላይ ቁሙ። ነገ ምን ልትሆን ነው፣ ቴክኒክ ግባ፣ አረብ አገር ሂጂ፣ ሱቅ ክፈት፣ ይሄን የዛን ቀን አታምጡት። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ሬሳው ሳይወጣ ስለ ንብረት አታወሩም አደል።

እናቶች አቅማችሁን አትናቁት። ዚምባብዌ ሐራሬ ላይ ዲክሰን ቺባንዳ ሚባል የአእምሮ ሐኪም ሐኪም ሲያጥረው በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ ያደረገው አያቶችን ማሰልጠን ነው፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ ይሰሙታል፣ ከችግሮቹ አንዱን ብቻ መርጦ ምን ማድረግ እንደሚችል አብረውት ያስባሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠይቁታል። በፈረንጆቹ 2016 የታተመ ጥናት ላይ ከስድስት ወር በኋላ ከነዛ አያቶች ጋ የተቀመጡት ሰዎች ድባቴያቸው መደበኛውን ክትትል ካገኙት በጣም ቀንሶ ነው የተገኘው። እና ወሎ ውስጥ ቡና አለ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ቁጭ ማለት አለ፣ ሰው ሚመርቁ ዱበርቲዎች አሉን። ያን ቡና ላይ ስለ ሰው ልጅ ከምታወሩ ልጁን ጠርታችሁ ጎናችሁ አስቀምጡት፣ ጀበናውን ይዞ ይቀዳ፣ መቅዳት በራሱ ከሰው ፊት መመለስ ነው።

ዱዓውም ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፣ ማንም ከሱ አያስወጣችሁም፣ ሐኪም ደግሞ ይጨመርበት። መቼ ነው ሐኪም ጋ ሚኬደው፣ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ሚከፋው ከሆነ ወይ ድሮ ሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ከሱ ጋ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ካቃተው፣ የማልረባ ነኝ ካለ፣ ያኔ ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ላይ ሳይካትሪ ነርሶች አሉ። መድኃኒት ከታዘዘ በሁለት ቀን አይሰራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ተሻለኝ ብሎም ሐኪሙን ሳያማክሩ ማቆም የለም። እና ይሄን በጣም ስሙኝ፣ «ብሞት ይሻላል፣ ሸክም ሆንኩባችሁ» ሚል ነገር ከሰማችሁ ወይ እቃውን ማደል ከጀመረ በቀጥታ ጠይቁት፣ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ሰዉ እንደሚፈራው አደለም፣ ሚያስብ ከሆነ መጠየቁ ይገላግለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የዛኑ ቀን ይዛችሁት ሂዱ፣ ቤት ውስጥ ያለ የተባይ መርዝም መድኃኒትም ቆልፉበት ወይ ከቤት አውጡት።

ወረቀቱ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ልጅ የተባረረ ቀን እንደሸሸ ነው፣ ክሊራንስ አልጨረሰም፣ ግሬድ ሪፖርቱን አልወሰደም፣ ዶክመንቱ እዛው የቀረ አለ፣ ከዛ በዓመታት የዛን ግቢ በር ማየት አይችልም። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱና ጨርሱት። ወረቀት ለማምጣት ነው ምትሄዱት፣ ግን ያን በር አንዴ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ መውጣት ከሕክምናው ይቆጠራል። እዛው እያላችሁ ስለ ሪአድሚሽን፣ ተመልሶ ስለመግባት ጠይቁ፣ ሁኔታው የዩኒቨርስቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን ሚባለው መተዳደሪያ ደንብ ላይ ነው ያለው፣ ከልጆች ወሬ አትስሙ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። የተፈቀደለት ሁሉ ግን መመለስ አለበት አልልም፣ ያኔ የጣለህ ነገር ምን እንደነበረ ካላወቅከውና ካልተቀየረ መመለሱ ሁለተኛ ሐዘን ነው ሚሆነው። ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክም ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክም አሉ፣ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ሲኦሲ ሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነህ ምትወጣበት፣ ከዩኒቨርስቲ ተባረው ገብተው እጃቸው ወርቅ የሆነ ልጆች አሉ። እዛ ምትገቡት ግን ለቅሶአችሁን ጨርሳችሁ ይሁን፣ ተሸማቃችሁ አንገት ደፍታችሁ «ሌላ ስለሌለኝ ነው» እያላችሁ ከሆነ መፍቻ ስትይዙም ካልኩለሱን ነው ምታስቡት።

እና ወደ ሰኔና ሐምሌ። የምርቃት ሰሞን ድንገት እንዳይመጣባችሁ ካሁኑ ወስኑ፣ የማን ምርቃት ላይ እሄዳለሁ የማን ላይ አልሄድም፣ የልብ ጓደኛችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ሌላውን በስልክ እንኳን ደስ አለህ ማለት ይበቃል፣ ስትሄዱ ከማን ጋ እንደምትሄዱ፣ ከከበዳችሁ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ። በባቻችሁ ምርቃት ቀን ብቻችሁን አትዋሉ፣ ያን ቀን ከሚያውቅላችሁ ሰው ጋ ዋሉ፣ ልቅሶ ከመጣ አልቅሱ። ትልቁ ነገር ደግሞ ያች ጥያቄ ናት፣ «አንተ ስንተኛ ዓመት ደረስክ፣ አንቺስ መቼ ነው ምትመረቂው»። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፣ ወግ ነው። መልሱን ግን ቤት ውስጥ ካልተለማመዳችሁት አፍ ላይ ይቀራል፣ ከዛ ውሸት ይመጣል፣ ከዛ ያ ውሸት መመገብ ይጀምራል። መልሱ አጭር ነው፣ «አልቀጠልኩም፣ አቋርጫለሁ። አሁን እንዲ እየሰራሁ ነው። እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ስራ ከሌለም «አሁን ቤት ነኝ» ነው፣ አለቀ። ለምን ካሉ «ረዥም ነው፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን»፣ ለማንም የማብራሪያ እዳ የለባችሁም።

ስለዚ እንዲ እናድርግ። ጥያቄና መልስ ከመግባታችን በፊት ወንበራችሁን አዙሩ፣ እናቶችና አባቶች ከራሳችሁ ልጅ ጋ አትሁኑ፣ ከሌላ ሰው ልጅ ጋ ሁኑ፣ እናንተ ልክ ሰርግ ላይ እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ ጠይቁ፣ ልጆች መልሱ። ድምጻችሁ ከተንቀጠቀጠ ችግር የለውም እንደገና ከመጀመሪያው። አሥር ደቂቃ አላችሁ፣ እኔ በየመሀሉ እየዞርኩ ነው፣ መለማመድ ማይፈልግ ካለ ውጪ ሻይ አለ፣ ስጨርስ ለብቻ ላናግረው እመጣለሁ። በሉ ጀምሩ።